የጋሽ ለሚ ኪቦርድ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ሮቤ ያለው መሥሪያ ቤቴ ጋቢ አለበሰኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ንግግር ተደረገ። አለቃዬ ኦቦ ጀማል «ራቢያ ያላስነሣችው ኮምፒውተር በባሌ የለም» ብለው አጋነኑ፤ ሰው አጨበጨበ። እኔ በሆዴ የማስበው ግን ስለ አንዲት መዳፍ ስለምታክል ኮምፒውተር ነበር። ጎባ ውስጥ በአንድ ሰው መኝታ ቤት የተከልኳት ናት። ከሥራዬ ሁሉ እንደሷ ያስቸገረኝም፣ እንደሷ ያስተማረኝም የለም።

ሙያውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ባዶ ኮምፒውተር ላይ ስትጭኑ፣ ገና ሥራ ሳይጀምር ሦስት ነገር ይጠይቃችኋል። በምን ቋንቋ ላናግራችሁ? የትኛው ኪቦርድ ነው የተሰካው? የየትኛውን አገር ሰዓት ልቁጠር? አብዛኛው ቴክኒሻን ሦስቱንም ሳያነብ «ቀጥል» የሚለውን እየተጫነ ያልፋል። ኮምፒውተሩም እንግሊዝኛ እየተናገረ፣ የባሕር ማዶ ሰዓት እየቆጠረ ጎሮ ወይ ጎባ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲታገለው ይኖራል። እኔ አላልፋቸውም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሰውየውን አስቀምጬ እጠይቃለሁ፤ «ይቺ ሴትዮ ታበዛዋለች» እስከምባል ድረስ። ይኼን ያስያዘኝ ሰው ግን ያን ጊዜ ኮምፒውተር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ነበር።

ጋሽ ለሚ የታይፕ ጠጋኝ ነበሩ። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ፤ እሳቸው ከጽሕፈት ክፍላችን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የከተማውን ታይፕ ሁሉ ይጠግናሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ከጃኬታቸው ኪስ አንድ የጥርስ ብሩሽ አይጠፋም፤ ቤንዚን እያስነኩ በፊደሎቹ መካከል የተጠቀጠቀውን ቀለም የሚያጥቡበት ነው።

የተበላሸ ታይፕ ሲመጣላቸው መፍቻ አያነሡም። መጀመሪያ «ማን ነው የሚቀመጥባት?» ይላሉ። ተላላኪ ተሸክሟት ከመጣ መልሰው ይልኩትና ታይፒስቷን ያስጠራሉ። ወንበር ላይ አስቀምጠው «ጻፊ» ይሏታል። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮቱ ጋ ይቆማሉ። አያዩም፤ ይሰማሉ። የዱሮው የአማርኛ ታይፕ ብዙውን ፊደል በአንድ ምት አያወጣም ነበር። የፊደሉን ገላ ትመታለህ፣ ከዚያ እግሩን ወይ ቀለበቱን ትቀጥልበታለህ። ስለዚህ አማርኛ የሚመታ እጅ የራሱ ምት አለው፤ አንድ፣ ዕረፍት፣ ሁለት ተከታትሎ፣ ዕረፍት። ጋሽ ለሚ ያን ሰምተው የትኛው ፊደል እንደሚዘገይ፣ አንዳንዴም የትኛዋ ጣት እንደምትፈራ ሳይዞሩ ይናገሩ ነበር። ግማሹ ብልሽት ከጽሕፈት መኪናዋ ሳይሆን ከወንበሩ ቁመት ሆኖ ይገኛል። ወንበሩን ይሠሩታል።

ጥገናው ሲያልቅ ሌላ ልማድ ነበራቸው። በተጠገነች ታይፕ የሚመታው የመጀመሪያ ቃል የባለቤቷ ስም ነው። ታይፒስቷ ስሟን ትመታለች፣ እሳቸው ወረቀቱን አውጥተው ይሰጧታል፣ በቃ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሰው ስሙን ሲጽፍ ስለ ጣቱ አያስብም፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲቀርቡኝ ኦሮምኛ ይቀናቸዋል። «ሌላ ነገር ጻፊ ስትያት ላንቺ ብላ ትጠነቀቃለች። ስሟን ስትጽፍ ግን ያው ራሷ ናት። ያን ጊዜ ነው መኪናዋ ተስማምታት እንደሆነ የምታውቂው።»

ጥገናውን ልማር ስል የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊ «ሴት ልጅ ከቤንዚን ጋር ምን አላት?» ብሎ ተሳለቀ። ጋሽ ለሚ ቀና እንኳ ሳይሉ «ጣቷ ቀጭን ነው፣ የኔ የማይደርስበት ይደርሳል» አሉት። በዚያው ገባሁ።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ክልሉ ኦሮሚያ ሆነ፣ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ ጽሕፈቱም በቁቤ፣ በላቲን ፊደል። ለኔ ይኼ ትልቅ ነገር ነበር፣ አልዋሽም። እናቴ በኦሮምኛ ነው ያሳደገችኝ፤ ቃሏን መጀመሪያ ደብዳቤ ላይ የመታሁ ቀን ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። ቁቤውን በአንድ ክረምት ሥልጠና ለመድኩት። ግን የላቲን ታይፖች ሲገቡ የአማርኛዎቹ አንድ በአንድ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄዱ። ጋሽ ለሚ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው እያንዳንዷን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የነበረውን አልረሳውም። አልተቆጡም፤ ዓይኑን ሲገልጥ ቤቱን ባዶ ሆኖ ያገኘ ሰው ይመስሉ ነበር።

እሳቸውም ኦሮሞ ናቸው፤ የጎባ ልጅ። ተረባቸውም ንዴታቸውም በኦሮምኛ ነው። አዲሱን ጽሕፈት አልጠሉትም፤ «ለናንተ ጥሩ ነው» ይሉ ነበር። ግን በላቲን ታይፕ ጀርባቸውን ሰጥተው ቢሰሙ ምቱ ሌላ ነው፣ የሚነግራቸው ነገር የለም። ጥቂት ጊዜ ታገሉና ሥራውን ለቀቁ። የጡረታቸው ነገር አይወራ።

እኔ ቀጠልኩ። ኮምፒውተር መጣ፤ ቢሮዎቹ ሮቤ ላይ በረከቱ። ጠዋት ከጎባ በሚኒባስ እየወረድኩ ማታ እየተመለስኩ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ስዛወር ኖርኩ። አለቆቼ ብዙ ነበሩ፤ አንዱ ቫይረስን እንደ ጉንፋን ፈርቶ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ያለብስ ነበር። ከሁሉ ያታከተኝ ግን ሰዓት ነው። እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስንል ኮምፒውተሩ ስምንት ይላል። ሰው ደግሞ እያዩ የሚዋሽ ነገር አይወድም። ገና ዞር ከማለቴ በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በአንድ ቢሮ ሁለት ኮምፒውተሮችን አያይዤ፣ በኋላ የተጻፈው የፊተኛውን እንዲተካ አድርጌ ነበር። አንደኛው ጸሐፊ ሰዓቱን «አቀናው»። ከሰዓት በኋላ ሙሉ የለፋበትን ሥራ ማሽኑ ከጠዋቱ የቀደመ ነው ብሎ ጣለበት። ሰውየው ራሱን ይዞ ተቀመጠ፤ እኔም ሥራውን ልመልስለት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ በሰዓት ቀልድ የለኝም። ምሥራቅ አፍሪካ ብዬ አስተካክላለሁ፣ የሚነካውን እቆጣለሁ።

የሥራ ዘመኔ ሊያልቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ጋሽ ለሚን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ሞተ፣ አንደበታቸው ተዘጋ። ሐኪሙ «አእምሯቸው ደህና ነው፤ ሁሉንም ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል» አለን። በግራ እጃቸው ብዕር ቢይዙ የሚወጣው ጭረት ብቻ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ጎረቤት እየተፈራረቀ ያበላቸዋል፤ እኔም ከሥራ ስመለስ ጎራ እላለሁ።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ መሠረት፤ አዲስ አበባ ትዳር ይዛ ትኖራለች። አንድ ሰኞ መጣች። ወስና ነው የመጣችው፤ ቅዳሜ መኪና ይመጣል፣ አባቷን ትወስዳለች፣ ቤቱ ይከራያል። ክፉ ልጅ አይደለችም። ፊቷ በእንቅልፍ እጦት አብጦ ነበር።

«ጠየቅሻቸው?» አልኳት ግቢው ውስጥ።

«ምን ብዬ እትዬ ራቢያ? መልስ የማይሰጥ ሰው እንዴት ይጠየቃል?»

«ራሳቸውን መነቅነቅ ይችላሉ እኮ።»

«ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ያን እሺ ልበለው እምቢ?» ከዚያ የቤቱን በር አየች። «እዚህ ልተዋቸውና ብቻቸውን ይሙቱ? ወይስ እንደ ዕቃ ጭኜ ልውሰዳቸው? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

እውነቱን ለመናገር እንዲሄዱ አልፈለግሁም። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ ጋሽ ለሚ የሌሉባት ጎባ አልታየችኝም። ቢያንስ ግን የራሳቸውን ቃል ራሳቸው ይናገሩ አልኩ።

ቢሯችን ውስጥ አንድ ፕሮጀክት ለሙከራ አምጥቶ የተዋቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካሉ፣ ኪቦርድ ይቀጠልላቸዋል፣ በሊኑክስ ይሠራሉ። ኦቦ ጀማልን አስፈቅጄ አንዷን ወሰድኩ። «ለማን ነው?» አሉኝ። «ላስተማረኝ ሰው» አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁም።

ማክሰኞ ማታ ጫንኳት። ሦስቱን ጥያቄዎች ራሴ መለስኩላቸው፤ ሰውየው ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው ብዬ ኦሮምኛ አልኩ፣ ኪቦርዱን ላቲን፣ ሰዓቱን እንደ ልማዴ ምሥራቅ አፍሪካ። ረቡዕ ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ተከልኳት። ጋሽ ለሚ ስክሪኑን አዩ። እኔን አዩ። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ያየሁት ያ ፊት ተመለሰ። በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን ስበው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ገባኝ መሰለኝ። ቁቤ አልተማሩም፤ አማርኛ ነው የሚያስፈልጋቸው ብዬ እዚያው ለወጥኩት። ግን የሰጠኋቸው ሁላችንም የምንጠቀምበትን ነው፤ የላቲኑን ኤስ ስትነኩት «ሰ» የሚወጣውን። ግራ እጃቸውን አነሡ። ነኩ። ያልፈለጉት ፊደል ወጣ። ደግመው ነኩ፤ ሌላ ያልፈለጉት። ፊታቸው ቀላ። ኪቦርዱን በክርናቸው ገፉት፤ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዓይናቸው ዕንባ ወረደ፤ እኔ እኚህን ሰው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

«በቃ ተዪአቸው» አለች መሠረት። «አታሠቃዪአቸው፣ በእናትሽ።»

ኪቦርዱን አንሥቼ ወጣሁ። ዝም የነበረን ሰው ሁለተኛ ዝም አሰኝቼ የወጣሁ መሰለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ሮቤ ልንደርስ ስንል ነው የታየኝ። ሌሎቹን ሁሉ የምጠይቀውን እሳቸውን አልጠየቅሁም። ማን ነው የሚቀመጥባት? የጋሽ ለሚን ምላስ አስቤያለሁ፤ የሚጽፈው ግን ምላስ አይደለም። የሚቀመጥባት የዱሮ የአማርኛ ታይፕ ብቻ የሚያውቅ እጅ ነው።

ሐሙስና ዓርብ ፈቃድ ወሰድኩ። ጎባ ወዳለው የዱሮ መሥሪያ ቤቴ ግምጃ ቤት ሄጄ ጠባቂውን ለመንኩ፤ ከፈተልኝ። ታይፖቹ እንደተደረደሩ ናቸው፣ አይጥ ገብቶባቸዋል። አንዷን አውርጄ አራገፍኳት። ብዙዎቹ ቁልፎች ላይ ያለው ፊደል ጠፍቷል፤ የትኛው የት እንደሆነ በጭንቅላቴ ልፈልግ ብል አጣሁት። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ብቻ ለቀቅሁት። እጄ በሕይወቱ ከሁሉ አብልጦ የመታውን መታ፤ «ጉዳዩ፦»። ለብቻዬ ሳቅሁ። ከዚያ «ከሰላምታ ጋር» ድረስ አንድ የሞተ የመንግሥት ደብዳቤ ሙሉውን ወጣ። እየመታሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ጻፍኩት።

በሊኑክስ አንዱ ጥሩ ነገር ይኼ ነው፤ የትኛው ቁልፍ ሲነካ የትኛው ፊደል ይውጣ የሚለውን ሠንጠረዥ ከፍተህ እንደፈለግህ መጻፍ ትችላለህ። እኔም ጻፍኩ። ገላው መጀመሪያ፣ ቅጥያው ቀጥሎ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል እንዲሆኑ። ኪቦርዱ ላይ የታተሙትን የላቲን ፊደሎች በሙሉ በነጭ ፕላስተር ሸፈንኳቸው። በፕላስተሩ ላይ ምንም አልጻፍኩበትም። እሳቸው ሲመቱ ቁልፍ አያዩም።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሻንጣው ወጥቷል። መሠረት ስታየኝ ልትከለክለኝ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው። አባቷን ትራስ አስደግፈን ቀና አደረግናቸው፤ ኪቦርዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ማን ነው የሚቀመጥባት?»

ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

ከዚያ አንድ ምት። ዕረፍት። ሁለት ተከታትሎ። የፕላስቲክ ኪቦርድ ድምፅ ደካማ ነው፤ እኔ ግን ያን ምት በየትም ቦታ አውቀዋለሁ። አልዞርኩም። መሠረት ናት «አባባ» ያለችው፣ በሹክሹክታ። ስዞር ቴሌቪዥኑ ላይ «ለሚ» ይላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ታይፕ ሲጠግኑ ኖረው የራሳቸው ስም መጀመሪያ የተመታው ይኼኔ ነው።

ግራ እጃቸው የቀኙንም ሠፈር እየሄደ ሥራውን ቀጠለ። ቀጥሎ የመጣው ዓረፍተ ነገር «ሰዓቱ ተሳስቷል» የሚል ነበር።

አየሁት። ግድግዳው ላይ ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ የኔዋ ማሽን ዘጠኝ ትላለች። ስንት ሰው የተቆጣሁበት ነገር ነው። እቺ ኮምፒውተር ግን ከማንም ጋር አልተያያዘችም፤ የምትቆጥረው የእሳቸውን ቀን ብቻ ነው። ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ከኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቆጥር አንድ የባሕር ማዶ ከተማ ፈልጌ መረጥኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ቀኗም እንደኛ ንጋት ላይ የምትለወጥ ሆነች። ጋሽ ለሚ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ድሮ አንድ ሥራ ሲስማማቸው እንደሚያደርጉት።

መሠረት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባባ» አለች፣ «ከኔ ጋር አዲስ አበባ ይሄዳሉ? ወይስ እዚህ ጎባ ይቆያሉ? የሚሉኝን አደርጋለሁ፤ መኪናውን እመልሰዋለሁ።»

እኔ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ልቤ «ጎባ» የሚለውን እየጠበቀ ቆሜያለሁ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ።

«እሄዳለሁ።»

ከዚያ ዕረፍት። ከዚያ እንደገና።

«እስክትጠይቂኝ ነበር የምጠብቀው። ስሞት ጎባ መልሱኝ።»

መሠረት ደረታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ አሁን የምሰማው ነገር ኖሮ አይደለም። ከፋኝ። ግን ቃሉ የሳቸው ነበር። ጎረቤቶች ደግፈው ወደ መኪናው ሲያወጧቸው ፊታቸውን ወደ የትኛውም ግድግዳ አላዞሩም።

ኮምፒውተሯን አብሬ ላክኋት። «ሰዓት የምትይዝበት ባትሪ የላትም» ብዬ ለመሠረት ነገርኳት። «ኤሌክትሪክ ሲጠፋባት ስትመለስ ከጠፋችበት ሰዓት ላይ ነው የምትነሣው፤ በመካከል ያለፈውን አታውቅም። መብራት በሄደ ቁጥር አስተካክዪላቸው፣ አለዚያ አይለቁሽም።» እንዳልኩትም ሆነ። መሠረት እየደወለች ታነብልኝ ነበር። ጋሽ ለሚ በየቀኑ ይጽፋሉ፤ የአዲስ አበባን ጫጫታ ይረግማሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ወንበር ዝቅ አስደርገዋል፣ እኔን ደግሞ «ራቢያ ሚኒባስ ውስጥ ከፊት አትቀመጥ» ብለዋል። እኔም አንድ ቀን ከፊት ተቀምጬ አላውቅም።

ዓመት ሳይሞላ አረፉ። እንደ ቃላቸው ጎባ መጡ፤ ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀበሩ። እኛ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመን ሸኘናቸው። ከሠልስቱ በኋላ መሠረት ኮምፒውተሯንና በፕላስተር የተሸፈነውን ኪቦርድ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። መሳቢያ ውስጥ አስገባኋት። ሥራ በዛብኝ እያልኩ አልከፈትኳትም፤ ሥራ ብቻ አልነበረም።

ጋቢ በለበስኩ ማግስት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የትም የማልሄድበት ጠዋት ላይ አወጣኋት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካኋት። ተነሣች። ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ይላል፤ ቀኑ እሳቸው ያረፉበት ዕለት ዋዜማ ነው። ያን ቀን ከሰዓት ነው መሠረት አባቷን ወደ ሐኪም ለመውሰድ ገመዷን የነቀለችው። ኮምፒውተሯ ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ሁሉ አታውቅም። ለሷ ጋሽ ለሚ አሁንም አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል።

እንደዚያው ብተዋት የሚጠይቀኝ አልነበረም። ግን ያስተማሩኝን ሰው ስለማውቃቸው ከጀርባዬ፣ መስኮቱ ጋ የቆሙ መሰለኝ። ማን ነው የሚቀመጥባት? አሉ።

ባዶዎቹ ነጭ ቁልፎች ላይ እጄን አስቀምጬ «ራቢያ» ብዬ መታሁ። ጣቴ አላመነታም። ከዚያ ሰዓቱን አስተካከልኩት።